የወንዝ ልጆች፦ የካምቻትካ ወንዞችና የታሪክ ጎዳናቸው

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



በአማርኛችን ወንዝን የሚጠሩ ሁለት አባባሎች አሉ። አንድ ሰው የትውልድ ቀያችን ተወላጅ መሆኑን ስንገልጽ «የወንዜ ልጅ» እንለዋለን። አንድ ሰበብ ወይም አንድ ክርክር ደካማ መሆኑን ስንገልጽ ደግሞ «ወንዝ የማያሻግር» እንለዋለን። በመጀመሪያው አባባል ወንዝ አገርና መኖሪያ ነው፤ በሁለተኛው እንቅፋት ነው። የደጋችን ታሪክ ለሁለተኛው ያደላል። ሰው የሰፈረው በአምባውና በሜዳው ላይ ነው፤ የዓባይና የተከዜ ሸለቆዎች ግን አገርን ከአገር የሚለዩ፣ በክረምት መሻገሪያቸው የሚዘጋ ድንበሮች ነበሩ። ዛሬ የምንመለከተው ምድር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ተራራው ሰው የማይኖርበት፣ ወንዙ ግን ቤትም፣ ጎተራም፣ ጎዳናም የነበረበት አገር ነው። ስሙ ካምቻትካ ይባላል።

ካምቻትካ ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው እሳተ ገሞራ ነው። ዩኔስኮ በ1996 ምድሩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የሰጠው ስም «የካምቻትካ እሳተ ገሞራዎች» የሚል ነው። ይህ ስም ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚመለከት ሰው የሚሰጠው ስም ነው። በዚህ ንግግር የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የካምቻትካን መልክ የሠራው እሳቱ ቢሆንም ታሪኩን የሠሩት ወንዞቹ ናቸው፤ ሕዝቡን ሲመግብ የኖረው ወንዝም ሕዝቡ የተገዛበት መንገድ ሆኖ ተገኘ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ምድሩን እንመልከት። ካምቻትካ በሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ የሚገኝ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በምዕራብ የኦሖትስክ ባሕር፣ በምሥራቅ ሰላማዊ ውቅያኖስና የቤሪንግ ባሕር ያዋስኑታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ 1,250 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱ 270 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአገራችንን ሩብ ያህል ነው። ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኘው በሰሜን ያለ ጠባብ አንገት ብቻ ነው። እስከ ዛሬም ከተቀረው ሩሲያ ጋር የሚያገናኘው የመኪናም ሆነ የባቡር መንገድ የለም፤ የሚደረሰው በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው።

ከባሕረ ገብ መሬቱ በስተ ምሥራቅ፣ ከውቅያኖሱ ወለል በታች፣ የሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ቅርፊት በካምቻትካ ሥር እየጠለቀ ይገባል። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ምድር እየተለያየች ስትሄድ፣ በዚያ አንዱ ቅርፊት ከሌላው ሥር ይሰምጣል። መነሻቸው ተቃራኒ ቢሆንም ሁለቱም እሳተ ገሞራን ይወልዳሉ። በካምቻትካ 300 ያህል እሳተ ገሞራዎች ሲቆጠሩ ከእነዚህ 30 የሚጠጉት ዛሬም ሕያዋን ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ክሊዩቼቭስካያ ከ4,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በአውሮፓና በእስያ ካሉት ሕያው እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ረጅሙ ነው።

ሁለት የተራራ ሰንሰለቶች ባሕረ ገብ መሬቱን ከደቡብ ወደ ሰሜን ይከተሉታል፤ አንዱ መካከለኛው፣ ሌላው ምሥራቃዊው ነው። በሁለቱ መካከል ረጅም ዝቅተኛ ሸለቆ አለ። በዚህ ሸለቆ ውስጥ 758 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው የካምቻትካ ወንዝ ይፈስሳል። ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ያመራል፤ በክሊዩቼቭስካያ ግርጌ ያልፍና ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ውቅያኖስ ይገባል። የጥንቶቹ የአገሩ ሰዎች፣ ኢቴልሜኖች፣ ይህን ወንዝ በቋንቋቸው ዑይኩዋል፣ ማለትም «ታላቁ ወንዝ» ይሉት ነበር። ዛሬ መላው ምድር የሚጠራው በዚህ ወንዝ የሩሲያኛ ስም ነው፤ ስሙን ለምድሩ ያወረሰው ከተራራዎቹ አንዱ አይደለም።

የአዋሽን ጉዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ወንዝ ለመረዳት አይቸገርም። አዋሽም በእሳተ ገሞራዎች መካከል፣ በዝቅተኛ ሸለቆ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈስሳል። ልዩነቱ ፍጻሜያቸው ላይ ነው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ የካምቻትካ ወንዝ ግን ውቅያኖስ ይደርሳል። ባሕር የሚደርስ ወንዝ ውሃ የሚያወጣበት በር ብቻ ሳይሆን ከባሕር የሚቀበልበትም በር አለው። የካምቻትካ ሕይወት የቆመው ከባሕር በሚገባው ነገር ላይ ነው።

ሌሎቹን ወንዞች ባጭሩ ልጥቀስ። በምዕራብ ቲጊል፣ ኢቻና ቦልሻያ ከመካከለኛው ሰንሰለት ወርደው ሰፊውን ረግረጋማ ሜዳ አቋርጠው ወደ ኦሖትስክ ባሕር ይገባሉ። በምሥራቅ አቫቻ፣ ዡፓኖቫና ክሮኖትስካያ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳሉ። በደቡብ ጫፍ ኦዜርናያ ከኩሪል ሐይቅ ይወጣል። በሰሜን፣ በባሕረ ገብ መሬቱ አንገት በኩል፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ፔንዢና አለ።

እሳቱና ወንዙ የተለያዩ ኃይሎች ቢመስሉም የተሳሰሩ ናቸው። የእሳተ ገሞራ አመድና ፍርክስክስ አለት ቀዳዳው ብዙ ስለ ሆነ የበረዶውን ቅልጥ ይመጠዋል፤ ውሃው ከተራራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከእነዚህ ምንጮች የሚመገቡ ወንዞች በደረቅ ወራትም አይነጥፉም፤ አንዳንዱ ስፍራም በከባዱ ክረምት እንኳ በረዶ አይሆንም። የኩሪል ሐይቅ የሚገኘው ከ8 ሺህ ዓመታት በፊት በደረሰ ታላቅ ፍንዳታ ምድሩ ሰምጦ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ጥልቀቱ ከ300 ሜትር ይበልጣል። የክሮኖትስኮዬ ሐይቅ ደግሞ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው አለት የወንዙን ሸለቆ በመዝጋቱ የተፈጠረ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። ስድስት ዓይነት የሰላማዊ ውቅያኖስ ሳልሞን ዓሦች በካምቻትካ ወንዞች ይራባሉ። ሳልሞን በወንዝ ይወለዳል፤ ወደ ባሕር ወርዶ ለዓመታት ያድጋል፤ ከዚያ ወደ ተወለደበት ወንዝ ተመልሶ፣ ሽቅብ ዋኝቶ፣ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። በድኑን ድብና ንስር ይበሉታል፤ የተረፈው በስብሶ ውሃውንና ዳርቻውን ያዳብራል። ወንዙ አፈርን ከተራራ ወደ ባሕር ሲያወርድ፣ ዓሣው የባሕርን ሲሳይ ወደ ተራራ ይመልሳል። ከኩሪል ሐይቅ ጋር የተያያዘው የቀይ ሳልሞን መራቢያ በእስያ ትልቁ ነው። በክሮኖትስኮዬ ግን ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ ላይ ያለው ፏፏቴማ ስፍራ ዓሣውን ስለማያሳልፈው፣ በውስጡ የቀረው ሳልሞን ባሕር ሳያይ በሐይቁ ብቻ የሚኖር ዘር ሆኗል። ይህ ምሳሌ የወንዝ በር መከፈቱና መዘጋቱ ምን ያህል እንደሚወስን ያሳያል።

እህል በማይበቅልበት ምድር የኢቴልሜኖች እህል ይህ ዓሣ ነበር። ዓሣው ከግንቦት አንሥቶ እስከ መጸው ወራት በየዓይነቱ ተራ በተራ ስለሚወጣ፣ የዓመቱ ኑሮ የሚለካው በእሱ መምጣት ነበር። በበጋ የያዙትን ተልትለው በነፋስ ያደርቁታል፤ ከፊሉን በጉድጓድ ቀብረው ያቦኩታል። ሰውም ሆነ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱት ውሾች ክረምቱን የሚገፉት በዚሁ ስንቅ ነው። በክረምት ግማሹ ከመሬት በታች በሆነ ቤት ይኖራሉ፤ መግቢያው በጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ማውጫ ነው። በበጋ ደግሞ በረጃጅም ግንዶች ላይ ወደ ተሠሩ ጎጆዎች ይወጣሉ። መንደሮቹ ሁሉ በወንዝ ዳር የተተከሉ ነበሩ። በካምቻትካ ወንዝ ሸለቆ፣ በደቡብና በምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩት ወገኖች ንግግር እርስ በርስ የተለያየ ነበር፤ ሰው ማንነቱን የሚናገረው በወንዙ ነው። «የወንዜ ልጅ» የሚለውን አባባል ያለ ትርጓሜ የሚረዳ ሕዝብ ቢኖር ኢቴልሜን ነው።

ለእሳተ ገሞራው የነበራቸው አመለካከት ሌላ ነበር። በተራራው ራስ ላይ መናፍስት እንደሚኖሩ፣ እነሱም ሌሊት ከባሕር ዓሣ ነባሪ አጥምደው እንደሚያበስሉ፣ የሚታየውም ጭስና ፍም የእነሱ እሳት እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ መውጣትን ይፈሩ ነበር። ተራራው የመናፍስት፣ ወንዙ የሰው ነበር።

ሩሲያውያን ወደዚህ ምድር የገቡት በዚሁ በሰዎቹ መንገድ ነው። በ1697 ቭላዲሚር አትላሶቭ የተባለ የኮሳኮች አለቃ፣ ከአናዲር ምሽግ ተነሥቶ፣ መቶ ሃያ ያህል ኮሳኮችንና የዩካጊር ተወላጆችን ይዞ በሬንዲር፣ ማለትም በዋልታ አጋዘን፣ ወደ ደቡብ ተጓዘ። በካምቻትካ ወንዝ ገባር ዳር መስቀል አቁሞ ምድሩ የዛሩ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያም በጀልባ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። በኋላ በሰጠው ቃል ታላቁን ተራራ ከድርቆሽ ክምር ጋር እያመሳሰለ፣ ቀን እንደሚጨስ፣ ሌሊት ብልጭታ እንደሚወጣው ተናግሯል። የጉዞው ዓላማ ግን ተራራ መጎብኘት አልነበረም። በወንዙ ዳር ስንት ሰው እንዳለ፣ ምን ያህል ጸጉራም ቆዳ መክፈል እንደሚችል ማወቅ ነበር። በኢቻ ወንዝ አካባቢ መርከቡ የተሰበረበት ዴንቤይ የተባለ ጃፓናዊ አግኝቶ ወሰደ፤ ይህም ሰው በ1702 ታላቁ ጴጥሮስ ፊት ቀርቦ ስለ አገሩ ተጠየቀ። አትላሶቭ ራሱ በ1711 በዐመፁ ኮሳኮች እጅ ተገደለ።

እዚህ ላይ የቋንቋችን አንድ ቃል ትልቅ አስረጅ ይሆነናል። በአማርኛ ወደ ሌላ ወንዝ የሚገባ ወንዝ «ገባር» ይባላል፤ ለጌታው ግብር የሚከፍል ሰውም «ገባር» ይባላል። በካምቻትካ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ሆኑ። ሩሲያውያን የሠሯቸው ሦስት ዋና ምሽጎች በወንዝ ስም የተጠሩ ናቸው፦ ቬርኽኔካምቻትስክ የላይኛው ካምቻትካ፣ ኒዥኔካምቻትስክ የታችኛው ካምቻትካ፣ ቦልሼሬትስክ ደግሞ የትልቁ ወንዝ ማለት ነው። «ያሳክ» የሚባለው የቆዳ ግብር፣ በተለይም ሶቦል የተባለው ትንሽ አውሬና የቀበሮ ቆዳ፣ በየወንዙ ላይ ካሉ መንደሮች ይሰበሰብ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ወንዙን ትቶ መሸሽ አይችልም፤ ቢሸሽ ክረምቱን አይዘልቅም። በሰሜን ግን የኮርያክ ሬንዲር አርቢዎች መንጋቸውን ነድተው መሰወር ስለሚችሉ እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ተዋግተዋል። ለታሪክ ተማሪ ይህ ልዩነት አስፈላጊ ነው፤ የግብር መዝገብ በብዛት የሚነግረን ስለ ወንዝ ሰዎች ነው፤ ከወንዙ ርቀው የሚንቀሳቀሱት በመዝገቡ ውስጥ ጥላቸው ብቻ ይታያል።

ቀጥሎ የመጣው ሸክም የሳይንስ ጉዞ ነበር። ቪቱስ ቤሪንግ እስያና አሜሪካ ይገናኙ እንደ ሆነ እንዲመረምር በ1725 ተላከ። ወደ ምዕራብ ዳርቻ ከደረሰ በኋላ፣ በማያውቀው ባሕር ደቡባዊውን ጫፍ ዞሮ ከመሄድ ይልቅ፣ በ1728 ክረምት ባሕረ ገብ መሬቱን በየብስ ማቋረጥን መረጠ። ጉዞው የወንዝ ጉዞ ነበር፤ በቦልሻያና በገባሩ በቢስትራያ ሽቅብ ወጥቶ፣ የውሃ መለያያውን ጋራ አልፎ፣ በካምቻትካ ወንዝ ቁልቁል እስከ ኒዥኔካምቻትስክ ድረስ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ። የመርከብ ዕቃው፣ ገመዱ፣ ብረቱና ስንቁ የተጫነው በኢቴልሜኖች ውሾች ላይ ነው። ውሾቹ በብዛት ተሰብስበው መጡ፤ ብዙዎቹም አለቁ። በዚያ አገር ውሻ ያለቀበት ሰው በሬው ያለቀበት ገበሬ ማለት ነው፤ አደን መውጣትም ሆነ ስንቅ ማጓጓዝ አይችልም። ቤሪንግ በዚያው በጋ በወንዙ ዳር በተሠራችው «ቅዱስ ገብርኤል» በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ቀዘፈ።

በ1731 ፊዮዶር ኻርቺን በተባለ ኢቴልሜን የተመራ ዐመፅ ተነሣ። ግብር ሰብሳቢዎች የሚፈጽሙት ግፍና የጉዞው ሸክም ከምክንያቶቹ መካከል ይቆጠራሉ። ዐመፀኞቹ የወንዙን ሥርዓት ከማንም በላይ ያውቁ ነበርና፣ ወታደሮቹ በመርከብ ከወንዙ አፍ እስኪወጡ ጠብቀው ኒዥኔካምቻትስክን ያዙ። ዕቅዳቸውን ያፈረሰው ነፋስ ነው፤ መርከቧ በተቃራኒ ነፋስ ምክንያት ሩቅ ሳትሄድ ቀረች፤ ወታደሮቹ ወሬውን ሰምተው መድፍ ይዘው ተመለሱ፤ ምሽጉም በእሳት ወደመ። ከምርመራው በኋላ በሞት ከተቀጡት መካከል የዐመፁ መሪዎችም፣ በግፍ የተወነጀሉ የሩሲያ ሹማምንትም ነበሩ። መንግሥት ራሱ ግፉን ማመኑን ይህ ፍርድ ያስረዳል፤ ለሞቱት መንደሮች ግን የዘገየ ፍርድ ነበር።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በአብዛኛው በአንድ ተማሪ ትጋት ነው። ስቴፓን ክራሼኒኒኮቭ በ1711 ሞስኮ ውስጥ ከወታደር ቤተሰብ ተወለደ። ለሁለተኛው የካምቻትካ ጉዞ ከተመረጡት ተማሪዎች አንዱ ነበር። ጉዞውን የሚመሩት ፕሮፌሰሮች ግሜሊንና ሚዩለር ወደ ካምቻትካ ሳይሻገሩ በሳይቤሪያ ቀሩ፤ በ1737 ወጣቱን ብቻውን አስቀድመው ላኩት። የተሳፈረባት መርከብ በመንገድ ላይ ውሃ ስታስገባ፣ የእሱም ስንቅ ሳይቀር ጭነቱ ወደ ባሕር ተጣለ። ቦልሻያ ወንዝ አፍ ላይ የደረሰው ምድሪቱ በታላቅ ርዕደ መሬት በምትናወጥበት ወር ነው። በዚያው ዓመት ክሊዩቼቭስካያ መፈንዳቱን፣ ባሕሩም ሸሽቶ ተመልሶ ዳርቻውን ማጥለቅለቁን መዝግቧል። እስከ 1741 ድረስ በውሻ ጋሪና በጀልባ ወንዝ ለወንዝ እየዞረ፣ ሰው እየጠየቀ፣ ርቀት እየለካ፣ ቃላት እየሰበሰበ ሠራ። በ1740 ጌኦርግ ሽቴለር መጥቶ ሥራውን ተረከበው። ክራሼኒኒኮቭ በኋላ ፕሮፌሰር ሆነ፤ «የካምቻትካ ምድር መግለጫ» የተባለው መጽሐፉ ታትሞ ሊወጣ በተቃረበበት በ1755 መጀመሪያ አረፈ።

የመጽሐፉ አደረጃጀት ለዛሬው ክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ክፍል ምድሩን የሚገልጸው በወንዞች ቅደም ተከተል ነው፤ ስለ ካምቻትካ ወንዝና ስለ ገባሮቹ፣ ስለ ቲጊል፣ ኢቴልሜኖች ኪክሻ ስለሚሉት ስለ ቦልሻያ፣ ስለ አቫቻ። የሚያጨሱት ተራሮች የሚመጡት በሁለተኛው ክፍል፣ ስለ ምድሩ ጥቅምና ጉዳት በሚናገረው ውስጥ ነው። ሦስተኛው ስለ ሕዝቦቹ፣ አራተኛው ስለ ወረራውና ስለ ዐመፁ ይናገራል። ከአውሮፓ የሄደ ሰው በእሳቱ ቢማረክ አያስገርምም ነበር፤ እሱ ግን ወንዝን አስቀደመ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ መንገዱን የመሩት፣ ስሙን የነገሩት፣ ርቀቱን በቀን ጉዞ የቆጠሩለት የወንዙ ሰዎች ናቸው። መጽሐፉ በጸሐፊው ስም ቢጠራም ካርታው የእነሱ ነው። ከዚህ ጋር መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ ወንዞቹንና መንደሮቹን በስም የሚዘረዝር ጽሑፍ ለሳይንስ እንደሚያገለግል ሁሉ ለግብር ሰብሳቢውም ያገለግላል። ያው ገጽ መታሰቢያም፣ የመቁጠሪያ ዝርዝርም ነው።

የመጽሐፉ አንባቢዎች አንዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አሌክሳንደር ፑሽኪን፣ ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ የተወሰደ ነበር። የትውልድ ስፍራውን ብዙዎች ሐበሻ ሲሉ፣ ሌሎች በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያደርጉታል፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ፑሽኪን በ1837 ጃንዋሪ፣ በጠብ ፍልሚያ ቆስሎ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ የክራሼኒኒኮቭን መጽሐፍ እያነበበ ስለ ምድሩ፣ ስለ ወንዞቹና ስለ ወረራው ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ሊጽፈው ያሰበውን ሳይጽፈው ሞተ።

መጽሐፉ በታተመ በ15 ዓመት ውስጥ የገለጸው ዓለም ተለወጠ። በ1768 እና 1769 የፈንጣጣ ወረርሽኝ ገብቶ ሺዎችን ጨረሰ። በወንዝ ዳር እንደ ዶቃ ተሰክተው የነበሩት መንደሮች ለነጋዴና ለግብር ሰብሳቢ በቀላሉ እንደሚደረስባቸው ሁሉ ለበሽታውም ተጋለጡ። የተረፉት ከሩሲያ ሰፋሪዎች ጋር ተደባለቁ፤ ቋንቋቸውን ለቀቁ። ዛሬ ራሳቸውን ኢቴልሜን የሚሉት ከ3 ሺህ ገደማ አይበልጡም፤ ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበት በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን ናቸው። የካምቻትካ ወንዝና የደቡብ ወገኖች ንግግር ከዚያ ቀደም ብሎ ጠፍቷል። ክራሼኒኒኮቭና ሽቴለር የመዘገቧቸው ቃላት ባይኖሩ ስለ እነሱ የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

የሥልጣኑ ማዕከልም ከወንዝ ወደ ባሕር ተሸጋገረ። ቤሪንግ በ1740 በአቫቻ ባሕረ ሰላጤ፣ በሁለት መርከቦቹ በ«ቅዱስ ጴጥሮስ»ና በ«ቅዱስ ጳውሎስ» ስም፣ ፔትሮፓቭሎቭስክን መሠረተ። ወደቡ እያደገ ሲሄድ የወንዝ ምሽጎቹ እየደከሙ ሄዱ። የወንዞቹ ዋጋ ግን አልቀነሰም። ሩሲያና ጃፓን ከጦርነታቸው በኋላ በ1907 ባደረጉት የዓሣ ማጥመድ ስምምነት ጃፓናውያን በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ዳርቻ እንዲያጠምዱ ሲፈቀድ፣ ወንዞችና የባሕር ሰርጦች ከፈቃዱ ውጭ ተደረጉ። ተዋዋዮቹ የሀብቱ ቁልፍ የት እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ዓሣው ወደ ወንዙ ካልገባ በሚቀጥለው ጊዜ በባሕሩ የሚያዝ አይኖርም።

የእሳቱ ድንቆች እንኳ የተገኙት በወንዝ መሪነት ነው። በ1941 ኤፕሪል ጂኦሎጂስቷ ታቲያና ኡስቲኖቫና ኢቴልሜኑ መሪዋ አኒሲፎር ክሩፔኒን በክሮኖትስኪ ጥብቅ ስፍራ የሹምናያን ወንዝ ተከትለው ሲወጡ፣ ፍል ውሃ ወደ ሰማይ የሚተፋ ምንጭ አገኙ። ዛሬ የጋይዘሮች ሸለቆ የሚባለው ይህ ነው። የአውሮፓ ሳይንስ ከክራሼኒኒኮቭ ጀምሮ ለሁለት መቶ ዓመታት ሳያየው የኖረውን ስፍራ የከፈተው አንድ ገባር ወንዝ ነበር። በ2007 ጁን የተናደ መሬት የሸለቆውን ወንዝ ገድቦ ሐይቅ ፈጠረ፤ ከፊሎቹ ምንጮች ተዋጡ። በ2014 ደግሞ የጭቃ ጎርፍ ግድቡን ጥሶ ሐይቁን አጎደለው። በዚያ ምድር እሳቱና ናዳው ይዘጋሉ፤ ወንዙ ይከፍታል።

በቅርቡ፣ በ2025 ጁላይ መጨረሻ፣ መጠኑ 8.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ በካምቻትካ ዳርቻ ደረሰ፤ ሱናሚ ይመጣል ተብሎ በውቅያኖሱ ዙሪያ ያሉ አገሮች ሁሉ ተጠነቀቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ዝም ብሎ የኖረ አንድ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ሁሉ ምስሉን አሳዩ። የእሳተ ገሞራው ስም ክራሼኒኒኮቭ ነው። ወንዝን አስቀድሞ፣ እሳተ ገሞራን አስከትሎ የጻፈው ሰው ዛሬ ለብዙዎች የሚታወቀው በእሳተ ገሞራ ስም ነው።

እንግዲህ ከዚህ ለታሪክ ጥናታችን ምን እንወስዳለን? ሩቅ ስለሆነ ምድር ስናነብ ጽሑፉ ከየት ቆሞ እንደሚመለከት እንጠይቅ። ከመርከብ ላይ ነው ወይስ ከወንዝ ዳር? ዓይንን የሚስበው ነገር ታሪክን የሚሠራው ነገር ላይሆን ይችላል። የአገራችንንም ታሪክ ከአምባው ላይ ሆነን ስንጽፍ፣ ከታች በባሮ፣ በኦሞና በአዋሽ ዳር ወንዝን አገሩ ያደረገውን ሕዝብ እንደ ዳር ሰው ቆጥረነው ቆይተናል። የእነዚያን ወንዞች መንደሮች፣ የዓሣና የጎርፍ ወራት፣ በቋንቋው የሚጠሩ የገባር ስሞችን የሚመዘግብ ሥራ ከእናንተ መካከል የሚጠብቀው ሰው አለ። የካምቻትካ ምሳሌ የሚያስተምረው ሥራው ለሌላ ጊዜ የማይተው መሆኑን ነው። ክራሼኒኒኮቭ ኢቴልሜኖች ዘንድ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ቢደርስ ኖሮ፣ ከሚጠይቃቸው ሰዎች አብዛኞቹን አያገኛቸውም ነበር።